የኋለኛዋ ሰዓት

ወጌሻው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ተከትለውኝ ወደ ደጅ ወጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይኼ ወለምታ አይደለም» አሉኝ። «አጥንቷ ነው። እኔ አላሸውም። ሐኪም ቤት ውሰጃት። እስከዚያ እንዳትሮጥ፣ ሰማሽ?»

ሰምቻለሁ። የሩጫ ጥንዴ ከውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጣ የቱታዋን እግር ወደ ታች እየጎተተች ነበር። እሷ አልሰማችም። እያነከሰች ወጥታ «ምን አሉሽ?» ስትለኝ ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ «ጅማት ነው አሉ። ጠበቅ አድርገሽ እሰሪውና ሩጪበት፤ እየሮጥሽ ሲሄድ ይፍታታል አሉ» አልኳት።

በሰፈራችን የሚያውቀኝ ሁሉ «እሷ አፏ መቀስ ነው» ይለኛል። የጎረቤት ወጥ ከቀጠነ ቀጥኗል እላለሁ፤ መምህር ከተሳሳተ ተሳስተዋል እላለሁ። በዚህም እኮራ ነበር። ያን ቀን ግን ከወጌሻው በር እስከ ቤታችን አንድ ቃል ሳልጨምር ሄድኩ። እሷም ታመሰግነኝ ነበር።

ጥንድ የሚለው ነገር የአሰልጣኛችን ደንብ ነው። ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ከደብረ ማርቆስ ዳር፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ባለው ሜዳ ስድስት ሴቶች ያሰለጥኑ ነበር። ስድስታችንን ለሁለት ለሁለት አጣመሩን፤ ፈጣኗን ከቀርፋፋዋ ጋር። ከዚያ በኋላ ለብቻ የሚመዘገብ ሰዓት የለም። ቀድማ የገባችው ብትገባም ፊሽካቸውን እንደነከሱ ቆመው ይጠብቃሉ፤ የኋለኛዋ መስመሩን ስትረግጥ ነው ሰዓቱን የሚያቆሙት። የሁለቱም ሰዓት እሱ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አጉረመረምን። እኔማ ፊት ለፊት፣ «ጋሼ፣ በሷ እግር ለምን እኔ እመዘናለሁ?» ብያቸዋለሁ። የሰው ጠባይ የሚታየው ሌላ ሰው ሲያስጠብቀው ነው ብለው ጫማቸውን ማሰር ቀጠሉ።

የኔ ጥንድ ከሮብ ገበያ ማዶ፣ ከጮቄ ግርጌ የመጣች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ለትምህርት ብላ ከኛ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። እናቷ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ስንቅ ያመጡላታል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ አንድ ማዳበሪያ የሚሞላ ድንች። ከድንቹ ለሁላችንም ስለምታካፍል ሜዳው ላይ ስሟ ድንች ሆኖ ቀረ። ጠባይዋ ዝግ ያለ ነው፤ ነገር ግን ስትመልስ ትመልሳለች። አንድ ቀን ዳገት ላይ ወደኋላ ስትቀርብኝ «አንቺ እኮ ቅቤ ነሽ፣ ፀሐይ ሲነካሽ ትቀልጫለሽ» ብላት፣ እያለከለከች «ማርቆስ ደግሞ መቼ ፀሐይ ወጥቶ ያውቃል» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን የማጣሪያው ወሬ መጣ። መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ቆይቶ፣ ብዙ ጊዜ ከከተማችን ማንም ለማጣሪያ ሳይሄድ ቀርቶ ነበር። አሁን ጋሼ ሁለት ሴት ላኩ ተባሉ። ያለፈች ማሠልጠኛ ትገባለች፤ ማደሪያ አለ፣ ምግብ አለ፣ ጫማ አለ። በዕድሜ ገደቡ ለኔ የመጨረሻው ዕድል ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ፤ ደብተሬን ገልጬ ሳየው ፈተናውን እንደማላልፍ አውቀዋለሁ። ወይ ሩጫ ነው፣ ወይ አማኑኤል ከተማ ያለው የአክስቴ ሱቅ ባንኮኒ። አክስቴን እወዳታለሁ፤ ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ሰው እስኪመጣ መንገድ መንገድ ማየቱን ግን ሳስበው ያፍነኛል። እኔ ለአንድ ሰዓት እንኳ ቁጭ ማለት የማልችል ሰው ነኝ።

ጋሼ የሚልኩት አንድ ጥንድ መሆኑን ተናገሩ። በሦስተኛው ሳምንት እሑድ በሮብ ገበያ መንገድ አሥር ኪሎ ሜትር እንሮጣለን፤ ጥሩ ሰዓት ያመጣው ጥንድ ይሄዳል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕጣዬ በድንች እግር ላይ ሆነ።

ስለዚህ ላጠነክራት ተነሣሁ። ረቡዕና ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው፤ ጋሼ በዕረፍት ቀን የሮጠች ከሜዳ ትባረራለች ብለዋል። እኔ ግን ከትምህርት ቤት መልስ ከከተማው ወጣ ወዳለ ዳገት ይዣት እሄድ ነበር። ዕረፍት የሕመምተኛ ነው አልኳት። ችግሯ ሁሉ አእምሮዋ ላይ ነው፤ እግሯ ፈጣን ነው፣ ልቧ ግን ይፈራል ብዬ ደምድሜያለሁ። አንድ ሕግ አወጣሁላት። «አመመኝ» ባለች ቁጥር አንድ ዳገት ይጨመርባታል። የመጀመሪያው ረቡዕ ሦስት ተጨመረባት። ዓርብ ሁለት። በተከታዩ ረቡዕ አንድም አልተጨመረም። ጠነከረች ብዬ ደስ አለኝ፤ ማታ ለእናቴ ሳይቀር ነገርኳት።

የጠነከረው አፏ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ከቧንቧ ውሃ ቀድታ ስትመለስ፣ የግቢያችንን ሦስት ደረጃ እንደ አሮጊት በጎን ስትወርድ አየኋት። የቅልጥሟ ፊት አብጦ ነበር። በጣቴ ጫን ስለው ትንፋሿ ተቆረጠ፤ ግን አመመኝ አላለችም። ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች። ዳገት እስክጨምርባት ነው የምትጠብቀው።

ለጋሼ መንገር ነበረብኝ። ብነግራቸው ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት በዕረፍት ቀን ሮጣችኋል ወይ ብለው ነው። ሐኪም ቤት ብወስዳት ወሬው በዚያው ቀን ሜዳ ይደርሳል። ወጌሻ ግን በየሰፈሩ አለ፤ ለማንም ካርድ አያወጣም። እኛ አገር እግሩን የቆለፈው ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። አሽተው ያፍታቱልኛል ብዬ ነው የወሰድኳት። አላሹም። ከዚያ የሆነውን ተናግሬያለሁ።

ዓርብና ቅዳሜ አስተኛኋት። እግሯን በነጠላ ቁራጭ እኔው አሰርኩላት። ወጌሻው አስተምረውኛል ብያት ነበርና እንዴት እንደሚታሰር የማውቅ መምሰል ነበረብኝ።

እሑድ ጠዋት ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቶ ነበር። ጋሼ መነሻው ላይ ቆመው ስድስታችንንም በየተራ አዩን፤ እሷ ላይ ሲደርሱ ቆየት ያሉ መሰለኝ። «ደህና ነሽ?» አሏት። «ደህና ነኝ ጋሼ» አለች። ፊሽካው ተነፋ።

አምስት ኪሎ ሜትር ወደ ዳገቱ፣ አምስት ወደ ታች ነው። በጉም ውስጥ የጥንድ ሩጫ በጆሮ ነው። ከኋላዬ እግሯን አዳምጣለሁ፤ ሲርቅ ቀዝቀዝ እላለሁ፣ ሲቀርብ እጨምራለሁ። ዳገቱን ደህና ወጣች። ከሌሎቹ አንዱ ጥንድ ከፊታችን እንደሆነ በሳላቸው እንሰማለን። መዞሪያው ላይ ባለው ድንጋይ ዞረን ቁልቁል ስንጀምር የእግሯ ድምፅ ተለወጠ። አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይጎተታል። ይመታል፣ ይጎተታል። ቁልቁለት ቅልጥምን እንደሚመታ የሮጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ዞሬ አላየኋትም። ካየኋት የማቆም መሰለኝ።

ስድስተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ከኋላዬ ጠራችኝ። አለቀሰች እንዳልል ድምፅዋ ደረቅ ነበር፤ እንደ ተማሪ ነው የጠየቀችኝ።

«ይፍታታል ያሉት መቼ ነው?»

ፍጥነቴን ሳልቀንስ «ትንሽ ቆይቶ» አልኳት። «ጥርስሽን ንከሺ።»

ነከሰች። እስከ መጨረሻው የሚመታና የሚጎተት እግር ድምፅ ብቻ ነው ይዤ የወረድኩት። ከፊታችን የነበረውን ጥንድ መስመሩ አጠገብ አለፍነው። እኔ ገባሁ፤ ጋሼ ፊሽካውን ነክሰው ቆሙ፤ እሷ ገባችና ሰዓቱን ተጫኑት። አንደኛ ነበርን። እጄን ወደ ላይ አንሥቼ ስዞር ጥንዴ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብላለች። ለመነሣት ሞከረችና ግራ እግሯ እምቢ አላት። ትንሽ ፈገግ ብላ «አልቆመልኝም» አለች።

በባጃጅ ወሰድናት። ራጅ ተነሣች። ወጣቱ ሐኪም ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ለጋሼ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አሳያቸው። ይኼ የዛሬ አይደለም አለ፤ ቀናት አስቆጥሯል፣ ዛሬ ግን ብሶበታል። ከዚያ «ለመሆኑ ማን ነው በዚህ እግር ያስሮጣት?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ የተመለከቱት የራሳቸውን ጫማ ነው። አልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ ሕመም ነበረሽ ወይ፣ ለሰው ነግረሽ ነበር ወይ ብለው ጠየቋት። እሷ አየችኝ። ጋሼ የሷን ዓይን ተከትለው አላዩኝም፤ ቢያዩኝ ኖሮ የዚያኑ ቀን ያልቅ ነበር።

«ማንም አያውቅም ጋሼ» አለች። «እኔ ነኝ የደበቅሁት።»

እግሯ በጀሶ ታሰረ። ማግስቱን ጋሼ ጠሩኝና ሰዓቱ ሰዓት ነው፣ አንቺ ትሄጃለሽ፣ በሷ ፈንታ ከሁለተኛው ጥንድ ፈጣኗ ትጨመራለች አሉኝ። አመሰገንኳቸው። ድምፄን እኔ ራሴም አላወቅሁትም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች እንዴት እንዳለፉ ልናገር ብል የምናገረው ያጣሁትን እንቅልፍ ነው። ከተማው ትንሽ ነው። «ሽማግሌው የሰው ልጅ ሰበረ» ተባለ። ማክሰኞ ከሦስተኛው ጥንድ የአንዷ አባት ሜዳ ድረስ መጥተው ልጃቸውን እጇን ይዘው ወሰዱ። ጋሼ አልተከራከሩም፤ ፊሽካቸውን ኪሳቸው ከተው የቀረነውን አሯሯጡን። እኔ ከፊት ሆኜ እሮጣለሁ። ከኋላዬ ጥንድ የለኝም፤ ግን ይመታል፣ ይጎተታል። ማታ ማታ ደግሞ ለጥንዴ ራት ይዤ እገባለሁ፤ ሳቋ ያው ነው። «ስትሄጂ ጫማውን ስንት ቁጥር እንደሆነ ንገሪያቸው፤ የኔን ቁጥርም ጨምሪ» ትለኛለች። ሁለት ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቼ ስለ ሽሮው ተናገርኩ።

ቅዳሜ እናቷ መጡ። ወሬውን በስልክ ሰምተው ስድስቱን ቀን በእርግማን ነው የከረሙት። የጀሶውን እግር ዳበስ ዳበስ አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ስለ ጋሼ ተናገሩ። እዚህ የማልጽፈው ነው። እናት ሆና ስትረግም፣ ያውም ልጇ እግር ሥር ቁጭ ብላ፣ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። ከገበያ በኋላ ሜዳ ወርደው ፊት ለፊት እንደሚነግሩት ዛቱ። ከዚያ ማዳበሪያውን ፈተው በሶውን ለሁለት ከፈሉትና አንደኛውን ወደኔ ገፋ አደረጉት።

«ይኼ ያንቺ ነው፣ ለመንገድሽ» አሉኝ። «ለልጄ እህት ሆነሽ አስታመምሽልኝ። አንቺ ባትኖሪ ያ ሰውዬ ይገድልብኝ ነበር።»

በሶው አዲስ የተፈጨ ነው፤ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እጄን አልዘረጋሁም።

«ወጌሻው ጅማት ነው አላሉም» አልኩ።

እናቷ «የቱ ወጌሻ?» አሉ። እሳቸው ወጌሻ ዘንድ መሄዳችንንም አልሰሙም ነበር።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ረቡዕንና ዓርብን፣ ዳገቱን፣ አመመኝ ባለች ቁጥር የጨመርኩባትን ነገርኳቸው። ወጌሻው ደጅ ላይ ያሉኝን ቃል በቃል አልኩት። ስናገር የማየው ጀሶውን ነው፤ የክፍል ጓደኞቿ በእስክሪብቶ ድንች ሥለውበታል። ስጨርስ ደጅ ላይ የሰው በግ ይጮሃል።

መጀመሪያ የተናገረችው ጥንዴ ናት። አልጮኸችም።

«እኔ እኮ የቻልኩት እሳቸው ይፍታታል ስላሉ ነው» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «በዕረፍት ቀን መሮጣችንን እንዳይሰሙብሽ ብዬ ነበር ለጋሼ የዋሸሁት። ይኼንን አላውቅም ነበር።» ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እናቷ የመቀነታቸውን ጫፍ ፈተው መልሰው ቋጠሩት። ይመቱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢመቱኝ ይቀለኝ ነበር።

«እኔ እስክመጣ ስድስት ቀን ሙሉ አፍሽን የያዘው ምንድነው?»

«ልሄድ ነበር» አልኩ። «ማጣሪያ።»

«በዚያ ሰው ላይ ስድስት ቀን ያወረድኩትን ማን ይመልስልኛል?» አሉኝ። «ጾም ላይ ነኝ። የእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሜ ነው የረገምኩት።» ነጠላቸውን አደገደጉና ተነሡ። «ቅደሚ። አንቺ ያደረግሽውን ትነግሪዋለሽ፣ እኔም ያልኩትን እነግረዋለሁ።»

ከቤታችን እስከ ሜዳው በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። የሮጥኩት መንገድ ሁሉ ቢደመር እንደዚያ አልረዘመብኝም። እሳቸው ከኋላዬ በኮንጎ ጫማቸው ቀጭ ቀጭ እያሉ ይከተሉኛል፤ አንድም ጊዜ አልቀደሙኝም። መንታ መንገዱ ላይ ስቆም እሳቸውም ቆሙ። ስራመድ ተራመዱ።

ጋሼ ሁሉንም ቆመው ሰሙኝ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቁልቁለቱ ላይ እግሯ ይሰማሽ ነበር?»

«ይሰማኝ ነበር ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቷ ወደፊት መጥተው ዝቅ ብለው ጉልበታቸውን ሊይዙ ሲሉ ጋሼ ደንግጠው ቀድመው አነሷቸው፤ ሁለቱ ከባሕር ዛፉ ሥር ሄደው ለብዙ ጊዜ አወሩ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሲመለሱ ጋሼ ከደረት ኪሳቸው ወረቀት አውጥተው በጉልበታቸው ላይ አድርገው ስሜን ሰረዙ። ሁለተኛው ጥንድ እንዳለ እንዲሄድ ተወሰነ። ይኼ ይሆናል ብዬ መንገድ ላይ ሳስበው ነበር። አልለመንኩም። አለቀስኩ፤ ይኼንን አልደብቅም።

ልሄድ ስል ጠሩኝ። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበራቸውም፤ የደከመው ሰው ፊት ነበር። ከሜዳ አላባረሩኝም፤ ጥፋቱን ለሁለት ከፍለው የራሳቸውን ድርሻ ሊወስዱ እንደፈለጉ ከንግግራቸው ገባኝ። የጥንድ ሰዓት ያሉት አንዷ ሌላዋን እንድትጠብቅ ብለው ነበር፤ እኔ ደግሞ በዚያው ደንብ እሷን እንደ በቅሎ ነዳኋት። ደንቡን ይተዉታል ብዬ ነበር። አልተዉትም፤ አንድ ነገር ጨመሩበት። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ከፊሽካው በፊት እያንዳንዷን የሚጠይቁት ስለ ራሷ አይደለም። «ጥንድሽ የት ነው የሚያማት?» ይላሉ። አላውቅም ያለች ያን ቀን አትሮጥም። አንዷ ታማ ጥንዷ ደህና ናት ካለች ደግሞ ሁለቱም አይሮጡም። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ይሣሣቁ ነበር። አሁን ግን ሲሟሟቁ አንዷ የሌላዋን ቅልጥም ስትዳብስ ታያለህ።

ሁለተኛው ጥንድ የሄደ ቀን መናኸሪያ አልሄድኩም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግቢያችን በር አጠገብ ቆሜ ጥንዴን ጠበቅኋት። በክራንች ትምህርት ቤት መሄድ ጀምራለች። ቦርሳሽን ልያዝልሽ አልኳት። ሳትመልስልኝ አለፈች። በማግስቱም ቆምኩ። ክራንቹ ከቦርሳው ጋር እየተጣላ፣ በየሃያ ሜትሩ እየቆመች፣ እኔም ከኋላዋ በየሃያ ሜትሩ እየቆምኩ ሄድን። እኔ እንዲህ ቀስ ብዬ ሄጄ አላውቅም፤ እግሬ ያሳክከኛል። የሰፈሩ ልጆች ሳይቀሩ «ምን አጠፋሽ?» እያሉ ጠየቁኝ። ለጠየቀኝ ሁሉ ያጠፋሁትን ነገርኩት።

ስንት ቀን እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ ዝናብ የጣለ ጠዋት ነበር። አስፋልቱ ሲያልቅ ጭቃው ይጀምራል። እዚያ ላይ ቆመች። ዞር ሳትል ቦርሳውን ከትከሻዋ አወረደችና ወደኋላ ዘረጋችው።

ተቀበልኳት። አሁንም ድንች ነበረበት መሰለኝ፣ ከበደኝ።

«በጎን በጎኔ ሂጂ» አለች፣ ክራንቿን ጭቃው ላይ እየሞከረች። «ከኋላዬ ስትሆኚ ያስጨንቀኛል።»